ከአትክልት ተራ እስከ ኮካ፦ አልጌን የመግታትና ውኃን በጤና የማቆየት ጥያቄ

አልጌ፣ በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው፣ እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል ሳይኖረው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ የውኃ ሕይወት ጥቅል ስም ሲሆን፣ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ዝርያዎችንም፣ እንደ ፀጉር ተንዠርግገው ድንጋይ የሚያለብሱ ዝርያዎችንም ያካትታል። ሲያኖባክቴሪያ፣ ማለትም ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያለውና በትክክለኛ ምደባው ከባክቴሪያ ወገን የሆነው ሕይወት፣ በአኗኗሩ ከአልጌ ብዙም ስለማይለይ በዚህ ዳሰሳ አብሮ ይታያል። በውኃ ውስጥ የምግብ ሰንሰለት የሚጀምረው ከእነዚህ በመሆኑ አልጌ የሌለበት ሐይቅ ዓሣም አይኖረውም። ጉዳት የሚመጣው አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ከልክ በላይ በዝቶ ብርሃኑን ሲጋርድ፣ ሞቶ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ሲጨርስ፣ ወይም መርዝ ሲያመነጭ ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት ከአልጌው ጋር የሚኖረውን ሌላውን ሕይወት ሳይጎዱ መብዛቱን ብቻ መግታት የሚቻልበት መንገድ ነው።

ይህን ጥያቄ በትንሹ መጠን፣ ግን በከፍተኛ ትዕግሥት የተከታተሉት በመስታወት ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያረቡ ሰዎች ሲሆኑ፣ በትልቁ መጠን ደግሞ በኢትዮጵያ ጎልቶ የሚታየው በአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ፣ በተለይም በኮካ ሐይቅ ነው። በሁለቱ መካከል የመጠን እንጂ የሥርዓት ልዩነት የለም። በዚህ ዳሰሳ አትክልት ተራ መካከለኛውን ቦታ የሚይዘው፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ገና ጠጣር ሆኖ፣ በአንድ ስፍራ ተከምሮ፣ በእጅ ሊነሣ በሚችልበት ሁኔታ የሚገኘው እዚያ በመሆኑ ነው።

የሸቀጡና የውኃው መንገድ ጎን ለጎን ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። በመርካቶና በፒያሳ መካከል የሚገኘው አትክልት ተራ ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ የአትክልትና የፍራፍሬ ጅምላ መሸጫ ሆኖ ኖሯል። ወደ ገበያው ከሚመጣው ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ብዙው ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሞጆና ከኮካ ዙሪያ በመስኖ ከሚለማ ማሳ የሚለቀም ሲሆን፣ በአይሱዙ ተጭኖ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወደ ከተማ ይወጣል። የከተማው ውኃ በተቃራኒው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች የሚነሡት ጅረቶች መንደሩንና ገበያውን አቋርጠው በትንሹና በትልቁ አቃቂ ይጠቃለላሉ፣ ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፣ ከዚያም አዋሽን ተቀላቅለው ኮካ ይገባሉ። እንግዲህ በኮካ ዳር በማዳበሪያ የበቀለ ጎመን ውጫዊ ቅጠሉ በገበያው ተነጥሎ ቦይ ውስጥ ከወደቀ፣ የተሸከመው ንጥረ ነገር ዞሮ ወደ ተነሣበት ውኃ ይመለሳል። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሐይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩ ይህን መንገድ አልቀየረውም፤ አዲሱም ስፍራ ያለው በአቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ነው።

አልጌ እንዲበዛ የሚያደርጉት ነገሮች ብርሃን፣ ሙቀት፣ የውኃው ዝግታና ንጥረ ነገር ናቸው። ከንጥረ ነገሮቹ ወሳኞቹ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲሆኑ፣ አሜሪካዊው አልፍሬድ ሬድፊልድ በባሕር ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎችን መርምሮ እንዳሳየው፣ በአካላቸው ውስጥ ለአንድ የፎስፎረስ አተም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አተሞች ይገኛሉ። ካርቦን ከአየር፣ ናይትሮጅንም ለአንዳንድ የሲያኖባክቴሪያ ዝርያዎች ከአየር ይገኛል፤ ፎስፎረስ ግን ከአየር ስለማይገኝ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የእድገቱን ልክ የሚወስነው እርሱ ነው። ከዚህ ስሌት በመነሣት አንድ ኪሎ ፎስፎረስ ሌላው ሁሉ ከተሟላ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ በኩንታል ወደ 20 ኪሎ ንጹሕ ፎስፎረስ ይይዛል፤ የአንድ ኩንታል ዳፕ ፎስፎረስ በሙሉ ታጥቦ ሐይቅ ቢገባ ሁለት ሺህ ኪሎ ደረቅ አልጌ የሚያበቅል ኃይል አለው ማለት ነው። እርግጥ በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚታጠብ ማሳ የለም፤ አብዛኛው ፎስፎረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ወደ ውኃው የሚሄደውም በአመዛኙ አፈሩን ተከትሎ ነው፤ ቢሆንም ስሌቱ እጅግ ትንሽ የሚመስል ብክነት ለውኃ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

የኮራል ገንዳ ልምድ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኮራል በሞቃት ባሕር የሚኖር፣ የኖራ አጽም የሚገነባ እንስሳ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቅርብ ርቀት በጅቡቲ ዳርቻና በኤርትራ ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ይገኛል። ይህ እንስሳ በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራል፤ እነርሱ በብርሃን የሚያዘጋጁትን ስኳር ይመግቡታል፣ እርሱም መጠለያና ከሰውነቱ የሚወጣውን ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። በገንዳው መስታወትና ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌና ኮራሉን በሕይወት የሚያቆየው አልጌ ሁለቱም በአንድ ብርሃንና በአንድ ምግብ የሚኖሩ በመሆናቸው፣ አንዱን በመርዝ ለማጥፋት መሞከር ሌላውንም ያሰጋል። አርቢው መርዝን በቀላሉ መጠቀም ስላልቻለ የአልጌውን የኑሮ ሁኔታ መመርመር ግድ ሆኖበታል፤ ሌሎች ሊማሩበት የሚገባ እውቀትም የተገኘው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ምግቡ ሳይበሰብስ መውጣት አለበት የሚል ነው። ዓሣው ያልበላው ምግብና ኩሱ ወደ ናይትሬትና ፎስፌት ከተለወጠ በኋላ ከውኃው ለመለየት አስቸጋሪና ውድ ስለሚሆን፣ አርቢው ገና ጠጣር ሳለ በቧንቧ ይመጥጠዋል፤ የተረፈውን ደግሞ በአረፋ አማካይነት ቆሻሻን በሚለይ መሣሪያ ያወጣዋል። ሟሙቶ የቀረውን ፎስፌት የብረት ዝገት በተሞላ ማጣሪያ ያጣብቀዋል፤ ወይም በጎን ባለ ሌላ ገንዳ ውስጥ ሆን ብሎ የሚፈለግ አልጌ ያበቅልና በየጊዜው እያጨደ ያስወግዳል። በዚህ የመጨረሻ ዘዴ አልጌ ራሱ የማጣሪያ ሥራ ይሠራል፤ ወሳኙ ነገር ግን የታጨደው ከገንዳው መውጣቱ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከፍ ያለ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ቀደምት አርቢዎች ናይትሬትንና ፎስፌትን ጨርሶ ማጥፋትን እንደ ግብ ይዘው ነበር። ንጥረ ነገር ጨርሶ በታጣባቸው ገንዳዎች ውስጥ ግን ኮራሎች ሲገረጡና ሲከስሙ፣ ተፎካካሪ ያጡ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ ቡናማ ዝልግልግ ሆነው ሁሉን ሲሸፍኑ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናትም ናይትሮጅን በዝቶ ፎስፎረስ ሲጎድል ኮራል ሙቀትንና ብርሃንን የመቋቋም አቅሙ እንደሚዳከም አሳይቷል። ዛሬ ብዙዎቹ አርቢዎች በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ናይትሬትና ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ፎስፌት ጠብቀው ማቆየትን ይመርጣሉ። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር፣ ጤናማ ውኃ በልኩ የተመገበና የሚገባበትና የሚወጣበት የተመጣጠነለት ውኃ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ነገር አልጌ በላተኞች ናቸው። በገንዳ ውስጥ ቀንድ አውጣዎችና ሣር በል ዓሦች የሚሠሩትን ሥራ በካሪቢያን ባሕር ረጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 ይህ እንስሳ ከሞላ ጎደል በበሽታ ሲያልቅ ብዙ የኮራል ስፍራዎች በአልጌ ተሸፈኑ፣ አብዛኞቹም እስከ ዛሬ አላገገሙም። በኢትዮጵያ ሐይቆች ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው፤ ይህ ዓሣ በሌላ አገር ቲላፒያ የሚባለው ሲሆን፣ የሚንሳፈፍ አልጌን፣ ሲያኖባክቴሪያን ጭምር፣ አጣርቶ ይመገባል። ስለዚህ በሕገ ወጥ ጠባብ መረብ ያልደረሰ ቆሮሶ ሲጠመድ የሚጎዳው የአሥጋሪው የነገ ገቢ ብቻ ሳይሆን የውኃውም ሚዛን ነው። ያም ሆኖ ዓሣ የበላውን ንጥረ ነገር መልሶ ወደ ውኃው ስለሚለቅ፣ ከላይ የሚመጣው ካልቀነሰ በእርሱ ብቻ መታመን አይቻልም።

ኮካ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የሚታይበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ግድብ፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራና ወደ 43 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሲሆን፣ ከደጋው የሚወርደውን ደለል፣ የሞጆን ፋብሪካዎች ፍሳሽና የአዲስ አበባን ቆሻሻ በአንድ ላይ ይቀበላል። እንደ አልጌ በዚሁ ንጥረ ነገር የሚበዛው፣ እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው በዚሁ ግድብና በአዋሽ ወንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሲያኖባክቴሪያ እየበዛ በነፋስ ወደ ዳር ሲገፋ ውኃው የተፈጨ ጎመን መስሎ ይታያል። ይህ ሕይወት ማይክሮሲስቲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሰጠው ወሰን በሊትር አንድ ማይክሮግራም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥናት በኮካ የተገኘው መጠን ከዚህ ወሰን በብዙ እጥፍ የላቀ ነበር። በዳሩ የሚኖረው ሕዝብ ከዚያው ውኃ ይጠጣል፣ ከብቱንም ያጠጣል፤ ከዚህ ዳሰሳ ርዕሶች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው።

ጉዳዩ የኮካ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በጫሞ ሐይቅ አልጌ ከልክ በላይ በዝቶ ብዙ ዓሣ አልቋል። አዲስ አበባ ራሷ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ በሆነው በለገዳዲም መርዝ ሊያመነጩ የሚችሉ የሲያኖባክቴሪያ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በደጋው ግድቦችና በኮካ አልጌው ንጥረ ነገሩ የሚፈቅድለትን ያህል እንዳይበዛ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ደለሉ ነው፤ ጭቃ የተቀላቀለበት ውኃ ብርሃን አያስገባም። የተፋሰስ ሥራው ተሳክቶ አፈሩ በተራራው ቢቀርና ውኃው ቢጠራ፣ ነገር ግን ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣው የሟሟ ፎስፌት ባይቀንስ፣ አልጌው ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ይህም የተፋሰስ ልማትንና የፍሳሽ ማጣሪያን አንድ ላይ አቅዶ የመሥራትን አስፈላጊነት ያጠነክራል እንጂ እርከን ከመሥራት የሚያስቦዝን ምክንያት አይሆንም።

አልጌን በቀጥታ ስለ መግደል የሚነገረው በአጭሩ ሊታለፍ የሚገባው ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የመዳብ ሰልፌት ሲሆን፣ ሕዋሱን ሲሰብረው በውስጡ የነበረው መርዝ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ ፓልም ደሴት የመጠጥ ውኃ ግድብ በዚህ ኬሚካል ከታከመ በኋላ ከ140 የማያንሱ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሕፃናት፣ በጉበትና በኩላሊት ሕመም ተጎድተዋል። በእጅና በማሽን መልቀም ደግሞ የራሱ ሁኔታ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ከታየው እምቦጭ ጋር የአማራ ክልል ገበሬ በዘመቻ ያደረገው ትግል ታላቅ ድካምና ክብር የሚገባው ነው። የተነቀለው እምቦጭ ከዳር ተወስዶ ለብስባሽ ማዳበሪያ ከዋለ የኮራል አርቢው አጨዳ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ በዳሩ ተከምሮ ከበሰበሰ ግን ንጥረ ነገሩ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ምንጩን መቀነስ ውጤት እንደሚያመጣ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። በካናዳ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ግማሽ ካርቦንና ናይትሮጅን፣ ለሌላው ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ጨመሩ፤ በአልጌ የተሸፈነው ፎስፎረስ የተጨመረበት ብቻ ነበር። በሲያትል የሚገኘው ዋሽንግተን ሐይቅ ደግሞ የከተማው ፍሳሽ ከ1963 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከተጠለፈ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ። ዋሽንግተን ሐይቅ ጥልቅ መሆኑ ረድቶታል። ዝዋይን የመሰለ፣ አማካይ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ተኩል የማይበልጥ ሐይቅ ግን ነፋስ ደለሉን እያወከ የቆየውን ፎስፎረስ ደጋግሞ ስለሚያነሣ፣ ምንጩ ከተዘጋም በኋላ ለማገገም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

ምንጮቹ በክብደታቸው ሲመዘኑ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው የሰው ፍሳሽ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ገደማ ፎስፎረስ ከሰውነቱ ስለሚያስወግድ በሚሊዮን የሚቆጠር የከተማ ሕዝብ የሚለቀው በሺህ ቶን ይቆጠራል። በቃሊቲ የተስፋፋው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ መሆኑ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ በባክቴሪያ የሚሠራ የተለመደ ማጣሪያ በዋነኛነት የሚቀንሰው ኦክስጅን የሚጨርሰውን ቆሻሻ ሲሆን፣ ፎስፎረሱን ለመያዝ ተጨማሪ ሥራ ያስፈልገዋል፤ ከመሥመር ያልተገናኙ ቤቶች ፍሳሽም ወንዙን ማግኘቱን አልተወም። ሁለተኛው ማሳው ነው። በዝዋይና በኮካ ዙሪያ በፓምፕ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ በሚተከልበት ጊዜ በማሳውና በሐይቁ መካከል ደለልና ማዳበሪያ የሚያስቀር የሣር ወይም የቄጠማ መቀነት አይተርፍም። ይህን መቀነት መመለስ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ቢሆንም ጥቂት ስፋት ያለውን ለም መሬት መተውን ይጠይቃል፤ ለአነስተኛ ገበሬ ደግሞ ጥቂት የሚባል መሬት የለም። ስለዚህ ካሣ ወይም ምትክ ሳይታሰብ ደንብ ብቻ ማውጣት ፍትሐዊ አይሆንም።

አትክልት ተራ በዚህ ሚዛን በክብደት ሦስተኛ፣ በቅለት ግን አንደኛ ነው። አንድ ቶን የጎመን ቅጠል ሩብ ኪሎ የሚያህል ፎስፎረስና ሁለት ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ከሰው ፍሳሽ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ነገር ግን ፍሳሹን ለመያዝ የመሬት ውስጥ መሥመር መዘርጋትና ማጣሪያ መገንባት ሲያስፈልግ፣ ቅጠሉን ለመያዝ የሚያስፈልገው መጥረጊያ፣ አካፋ፣ ጋሪና የሚወስደው ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ቅጠሉ ቦይ ዘግቶ ጎርፍ ያመጣል፣ በወንዙ ውስጥ ሲበሰብስም ፎስፎረሱ ኮካ ከመድረሱ በፊት የአቃቂን ኦክስጅን ይጨርሳል። በአባ ሳሙኤል፣ 6.6 ሜጋዋት እንዲያመነጭ በተሠራውና ከሀገሪቱ ቀደምት ማመንጫዎች አንዱ በሆነው ግድብ፣ የከተማው ቆሻሻና ደለል ተጠራቅሞ ምን እንደሚያስከትል ለብዙ ዓመታት ታይቷል።

በጅምላ ገበያ ላይ ተረፈ ምርትን ለመቀነስ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጎመኑን ውጫዊ ቅጠሉ በማሳው ላይ እንዲቀር አድርጎ መጫን ነው፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ ወይም ለአፈሩ ይመለሳል፣ መኪናውም የሚሸጥ ነገር ብቻ ይሸከማል። ነጋዴው ግን ውጫዊውን ቅጠል ከጎመኑ ሳይነጥል የሚጭነው በመንገድ ላይ ከመጋጨት እንዲጠብቅለት በመሆኑ፣ በጆንያና በልቅ ከመጫን ይልቅ በሳጥን መጫን ካልተለመደ ይህ መንገድ አይሠራም። ሁለተኛው በገበያው ላይ የሚቀረውን ከፕላስቲክ ለይቶ ብስባሽ ማድረግ ነው። መለየቱ በኋላ ሳይሆን በዚያው በሻጩ እግር ሥር ሊሆን ይገባል፤ ከፌስታልና ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ረጲ ከሚገኘው የከተማው ቆሻሻ መጣያ የደረሰ ቅጠል ለማዳበሪያ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ የሚባለው ይኸው መጣያ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ ክምሩ ምን ያህል እንደ ደረሰ ሀገሩ ሁሉ አይቷል። የአትክልት ተረፈ ምርት እርጥበቱ ከፍተኛ በመሆኑ ለማቃጠል የማይመች፣ ለብስባሽና ለባዮጋዝ ግን እጅግ የሚመች ነው፤ የጅምላ ገበያው ባለበት ስፍራ የብስባሽ ግቢ አብሮ ካልታቀደ በዚህ ዳሰሳ አመለካከት ትልቅ ክፍተት ነው። በከተማው ውስጥ በአቃቂ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ከወንዙ ከሚቀዱት ከብረታ ብረት ጋር የተቀላቀለ ውኃ ይልቅ የዚህን ብስባሽ ንጥረ ነገር ቢያገኙ ጥቅሙ ለተመጋቢውም ይተርፋል።

አረንጓዴ ውኃ ሁሉ ታማሚ እንዳልሆነም መጨመር ያሻል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው ሶዳማው አረንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊና በሚባለው ሲያኖባክቴሪያ የተሞላ ሆኖ ለብዙ ዘመን የኖረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ጥናት በተፈጥሮ ውኃ ከተለኩት ከፍተኛ የፎቶሲንተሲስ መጠኖች አንዱን ከዚያ አግኝቷል። በጪቱ ሐይቅም ፍላሚንጎዎች የሚኖሩት ይህንኑ እየተመገቡ ነው። እነዚህን ሐይቆች ለማጥራት የሚሞክር ቢኖር የሚያጠፋው ጤናቸውን ነው፤ ኮካን ግን አረንጓዴ ያደረገው ከውጭ የገባ ትርፍ ነው። ሁለቱን ለመለየት ዝርያውን በአጉሊ መነጽር ማየት፣ የፎስፎረሱን መጠን መለካትና ነጭ ሳህን በገመድ አውርዶ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚታይ በየወሩ መመዝገብ ይበቃል፤ ይህም በየሐይቁ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው።

ይህ ትርፍ ከምንጩ እስኪቀንስ ድረስ ግን በኮካ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ዛሬ የሚጠጣው ውኃ አለ። ማይክሮሲስቲን በሙቀት የማይጠፋ በመሆኑ ውኃውን ማፍላት ተቅማጥ ከሚያመጡ ጀርሞች ቢያድንም ከዚህ መርዝ አያድንም፤ የሚሻለው ነፋስ አረንጓዴውን አረፋ ከሚሰበስብበት ዳር አለመቅዳት፣ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ከሐይቁ ራቅ ብሎ የጉድጓድ ውኃ ማውጣት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ግን በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን በላይ ስለሆነና ይህም የሕፃናትን ጥርስ ስለሚያበላሽ፣ ሲቆይም አጥንትን ስለሚጎዳ፣ የሚቆፈረው ጉድጓድ ለሕዝቡ ከመከፈቱ በፊት ሁለቱም፣ መርዙም ፍሎራይዱም፣ ሊለኩ ይገባል።